እትዬ አፍንጫ በራሷ ደጃፍ

የአክስቴን ትክክለኛ ስም የሚያውቅ ሰው በከተማችን ጥቂት ነው። እትዬ አፍንጫ ብላችሁ ጠይቁ ግን፣ ሊስትሮው እንኳ ብሩሹን አስቀምጦ እስከ ደጃፏ ያደርሳችኋል። ስሙ የወጣላት አፍንጫዋ ትልቅ ሆኖ አይደለም፤ እንዲያውም በቤተሰባችን ውስጥ ቅርጽ ያለው አፍንጫ ቢፈለግ የሷ ብቻ ነው። የወጣላት በሥራዋ ነው። አክስቴ የሰው ቤት ታጸዳለች። ታዲያ የማንንም ቤት ከማጽዳቷ በፊት ባልዲዋን ደጅ ታስቀምጥና ደፉ ላይ ቆማ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ አንድ ጊዜ ብቻ ረጅም ትንፋሽ ትስባለች። ከዚያ ዓይኗን ገልጣ ጉዱን ታወጣዋለች። ቁም ሣጥኑ ጀርባ ሻግቷል፣ ፍራሹ በግድግዳው በኩል እርጥብ ነው፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ የሚያፈስ ቧንቧ አለ ትላለች። ባለቤቶቹ በፍጹም ብለው ይከራከሯታል። ቁም ሣጥኑ ሲነሳ ግን ግድግዳው አረንጓዴ ፀጉር አብቅሎ ይገኛል።

ቤት ራሱን የሚያሳየው በመጀመሪያዋ ትንፋሽ ነው ባይ ናት። በሁለተኛዋ አፍንጫ መላመድ ይጀምራል፣ ከዚያ በኋላ ቤተኛ ሆኖ ቁጭ ይላል። ስለዚህ የራሱን ቤት ሽታ የሚያውቅ ሰው የለም፤ ንጉሥም ቢሆን፣ ሐኪምም ቢሆን። ይህን ነገር ከአፏ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት ብነግራችሁ አታምኑኝም። በራሷ ይደርሳል ብዬ ግን አላሰብኩም፣ እሷም አላሰበችም።

ከተማችን ሐይቅ አጠገብ ናት። በክረምት ጨው በዕቃው ውስጥ እንዳለ ይቀልጣል፣ የደብተር ገጽ እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ አልጋ ስር የተረሳ ጫማ ነጭ ካባ ለብሶ ይወጣል። እኔ ፀጉር ሠሪ ነኝ፤ የዚህን አየር ክፋት የማውቀው በእንባዬ ነው። ስተኩሰው የዋልኩት ፀጉር ከሱቄ በር እስከ ታክሲው ድረስ ከቆየ ደንበኛዬ ዕድለኛ ናት። የኔ ዕድል ደግሞ ሱቄ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ መሆኑ ነው። የእቶኑ ግድግዳ ከጓሮዬ ጋር ይዋሰናል፤ እዚያ ከቆርቆሮው ስር የተሰጣ ፎጣ ዝናብ እየዘነበም ቢሆን ይደርቅልኛል። ዳቦ ጋጋሪው ለኔ ብሎ አላነደደውም፤ ሙቀቱ እንዲሁ ባክኖ ከሚቀር ብዬ ነው የምጠቀምበት።

አክስቴ ወጣት ሳለች በአንድ ሆቴል የልብስ እጥበት ክፍል ትሠራ ነበር። እዚያ ለሁሉም ነገር መድኃኒቱ በረኪና ነበር። የእጇ ቆዳ ተላጠ፣ ዓይኗ በየቀኑ እንዳለቀሰ ሰው ቀልቶ ይውል ነበር። አንድ ቀን ባልደረባዋ በረኪናውን ከሌላ ማጽጃ ጋር ቀላቀለችውና ክፍሉ በጭስ ታፍኖ ሁለቱም በሰው እጅ ተጎትተው ወጡ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በረኪና በባልዲዋ አጠገብ አልፎ አያውቅም። የሷ መሣሪያ ኮምጣጤ ነው፣ ቤኪንግ ሶዳ ነው፣ ሎሚ ነው፣ ሳሙናና ፍል ውሃ፣ ከዚያ የአሮጌ አንሶላ ቁራጭ። ከሩቅ ስትመጣ ሰላጣ ሰላጣ ትሸታለች እያልኩ እተርባታለሁ። እሷ ደግሞ በረኪና የሻጋታውን ፊት ያነጣዋል እንጂ ከግድግዳው ውስጥ አያወጣውም ብላ ትጀምርልኛለች፤ ካላስቆማችኋት ከየቤቱ የሚወጣው ውሃ ወርዶ ወርዶ ሐይቁ እንደሚገባና ያንኑ መልሰን እንደምንጠጣው ታስረዳችኋለች።

ዋናው ጠላቷ ግን ቆሻሻ ሳይሆን እርጥበት ነው። በየሰው ቤት ዕቃውን ሁሉ ከግድግዳ በአንድ ስንዝር ታርቀዋለች፣ ነፋሱ ከኮረብታው በኩል ሲመጣ ፊት ለፊት ያሉትን መስኮቶች ትከፍታለች፣ ከሐይቁ ሲመጣ ትዘጋለች። ከሁሉ የምትመካው ደግሞ በጨው ከረጢቶቿ ነው። ከአሮጌ አንሶላ ትሰፋቸዋለች፣ ያልተፈጨ ጨው ትሞላቸዋለች፣ በየደንበኛዋ ቁም ሣጥን ውስጥ ትሰቅላቸዋለች። ጨው የአየሩን ውሃ ይጠጣል። ሲሰቀል ደረቅ የነበረው ከረጢት በሳምንቱ ከብዶ፣ ረጥቦ፣ ከስሩ ጠብ ጠብ እያለ ይገኛል። ያኔ ደረቁን ሰቅላ እርጥቡን ወደ ቤቷ ትወስደዋለች፤ አድርቃ መልሳ ታመጣዋለች። አንድም ነገር አይጣልም፣ አንድም ነገር አይመርዝም። ሰው ሁሉ ወዶላት ነበር፤ ዘንድሮማ ከረጢት ያልሰቀለችለት ቤት ቢፈለግ አይገኝም።

ባሏን ጋሼ ነው የምለው፣ ሰዓት ሠሪ ነው። ዛሬ ደግሞ ሰዓት የሚያስጠግን ሰው አለ እንዴ ብላችሁ እንዳትስቁ። የአባቱን ሰዓት ለመጣል አንጀቱ ያልቻለ ሁሉ ወደ ጋሼ ይመጣል። የሚሠራው እዚያው ቤታቸው፣ በኋለኛው ክፍል፣ ከምድጃው አጠገብ ባለች ጠረጴዛ ላይ ነው። ከፊቱ መስኮት አለ፤ ብርሃኑን ይወደዋል እንጂ ከፍቶት አያውቅም። የሰዓት ብሎን ከአሸዋ ቅንጣት ብዙም አይበልጥም፤ ነፋስ ገባ ማለት ግማሽ ቀን በጉልበት እየዳኹ መፈለግ ነው። አክስቴም ይህን ስለምታውቅ የሰውን ሁሉ መስኮት ስታስከፍት የሱን አትነካበትም።

ሁለቱ ሲዋደዱ ለጉድ ነው። እሷ ታወራለች፣ እሱ ያዳምጣል። ማታ ከሥራ ገብታ የቀኑን ውሎ ስትዘረግፈው እሱ አጉሊ መነጽሩን በአንድ ዓይኑ እንደ ሰካ «እህ» ይላል። የሚሰማት አይመስላችሁም። ከወር በኋላ ግን የማን ቤት ቧንቧ እንደሚያፈስ ከእሷ ይበልጥ የሚያስታውሰው እሱ ነው። ከተጋቡ ወዲህ ተለያይተው አድረው አያውቁም።

አሁን ደግሞ ስለ እማዬ ልንገራችሁ፣ ያለ እሷ ነገሩ አይገባችሁም። እማዬ ታላቅ ናት፣ አክስቴ ታናሽ። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች አክስቴን ያሳደገቻት እማዬ ናት ማለት ይቻላል። አክስቴ እታለም ትላታለች፣ እማዬ ደግሞ ትንሿ። ያችን የመጀመሪያ ትንፋሽም ያስተማረቻት እማዬ ናት። ልጆች ሳሉ ክፍል ሊከራዩ ሲዞሩ፣ እማዬ ደፍ ላይ ቆማ ሳታሸት የትም አትገባም ነበር።

ታዲያ የወንድሜ እጮኛ ወላጆች ለመጀመሪያ ጊዜ እቤታችን የመጡ ዕለት፣ እማዬ ስትጠርግና ስትወለውል ሰንብታ፣ እንግዶቹ ከተቀመጡ በኋላ አክስቴ ደረሰች። ልማድ ሆኖባት ደፉ ላይ ቆመች። ዓይኗን ጨፈነች፣ ሳበች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ እንኳ ሳታደርግ ትልቁ ሶፋ ስር የሻገተ ነገር አለ አለች። ትልቁ ሶፋ ላይ የተቀመጡት የልጅቷ አባት ነበሩ። ብድግ አሉ። ሶፋው ተነሳ፣ ስሩ የአባቴ የድሮ ጫማ ተገኘ፤ ጫማ መሆኑን ያወቅነው በማሰሪያው ነው። ሰውየው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ፣ ጋብቻውም አልፈረሰም። እማዬ ግን ክው እንዳለች ቀረች። ሰው ፊት አዋረደችኝ አለች። አክስቴም እውነት በመናገሬ ምን በወጣኝ ይቅርታ እጠይቃለሁ ብላ ኩርፊያውን በኩርፊያ መለሰች። እታለም ማለት ቀርቶ «እናትሽ» ሆነ፣ ትንሿ ማለት ቀርቶ «ያቺ ሴትዮ»። በመሃል የምመላለሰው እኔ ሆንኩ፤ ዕዳው ለኔ ተረፈ።

ዘንድሮ ክረምቱ አልወጣም ብሎ አሻፈረኝ አለ። ጋሼ ማሳል የጀመረው ያኔ ነው። መጀመሪያ ጉንፋን አልነው። እያደር ግን ጠናበት፣ በተለይ ሥራው ላይ ሲቀመጥ። በወረንጦ የያዛትን ብሎን ሊያስገባ ሲል ሳሉ ይነሳበታል፣ ብሎኗ ትበራለች። እንደገና ይሞክራል፣ እንደገና ትበራለች። በመጨረሻ ወረንጦውን አስቀምጦ እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ያንን ማየት አንጀት ይበላል።

አክስቴ ሐኪም ቤት ወሰደችው። ሐኪሟ ደረቱን አዳመጠች፣ ራጅ አስነሳችው፣ መድኃኒት ጻፈችለት። ከዚያ ቤታችሁ ውስጥ እርጥበት ወይም ሻጋታ አለ ወይ ብላ ጠየቀች። አክስቴ እንዳጫወተችኝ፣ በጥፊ ብትመታት ይሻላት ነበር። የማንን ቤት እንደምትናገሪ ታውቂያለሽ ወይ አለቻት። ሐኪሟ አታውቅም፤ ለከተማው አዲስ ናት። ጋሼ «እህ» ብሎ ሊያበርድ ሞከረ። ሐኪሟ ግን በትህትና ያየችውን ተናገረች፤ ይህ ሰው የሚስበው አየር ነው የሚጎዳው፣ ካልተቀየረ ሳንባው አይድንም፣ ደረቅ አገር ዘመድ ካላችሁ ክረምት ክረምት እዚያ ይሁን።

ደረቅ አገር ልጃቸው አለች። አስተማሪ ናት፣ የምትኖረው ትምህርት ቤቱ በሰጣት አንድ ክፍል ነው፤ ለአባቷ አልጋ ታስገባለች፣ ለሁለት ሰው ግን ቦታ የላትም። ነገሩን በስልክ እንደሰማች ትምህርት ሲዘጋ መጥቼ አባዬን እወስደዋለሁ አለች። በእኛ ከተማ ክረምት ማለት ደግሞ ከዓመቱ የሚበዛው ነው። እንግዲህ ሁለቱ የሚኖሩት በስልክ ሊሆን ነው፤ ጋሼ በስልክ «እህ» ሲል ደግሞ መስመሩ የተቋረጠ ነው የሚመስላችሁ።

አክስቴ እሳት ጎርሳ፣ እሳት ለብሳ ወደ ቤቷ ገባች። ቁም ሣጥኑን ጎትታ ጀርባውን አየች፣ አልጋውን ገለበጠች፣ ግድግዳውን በኮምጣጤ፣ ወለሉን በፍል ውሃ አጠበች፣ በየጥጋቱ ጣቷን አስገብታ ፈተሸች። ምንም የለም። ጎረቤቶቿን ጠርታ እስቲ አሽትታችሁ እውነቱን ንገሩኝ ብላ አፋጠጠቻቸው። ማን ይደፍራል? ይሉኝታ ይዟቸው ኧረ እንዴት ያለ ንጹህ ቤት ነው እያሉ ወጡ። በር ላይ ሲደርሱ ግን እርስ በርስ ሲተያዩ አይቻለሁ። እኔ ይሉኝታ ብዙም አያውቀኝም። አክስቴ፣ የሆነ እርጥብ እርጥብ የሚል ነገርማ አለ አልኳት። ቀኑን ሙሉ የፀጉር ኬሚካል ስትስቢ የምትውዪ ልጅ ምን አፍንጫ ኖሮሽ ነው ብላ ጆሮ ዳባ ልበስ አለችኝ። ሳሉ ግን አልቆመም።

ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ ሱቄ መጣች። ፀጉሯን ልትሠራ አይደለም፤ ሻርፗን እንኳ አላወለቀችም። ከፀጉር ማድረቂያው ካስክ ስር ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠችና መስታወት ውስጥ ራሷን ስታይ ቆየች።

«አይሸተኝም» አለች በመጨረሻ። «ሐኪሟ አለ ትላለች፣ አንቺም አለ ትያለሽ፣ ለኔ ግን ምንም አይሸተኝም። ሰውን ስለው የኖርኩትን ታውቂያለሽ።»

አውቃለሁ አልኳት። የራሱን ቤት የሚያሸት ሰው የለም።

አፍንጫዋ ቤቷን እስኪረሳው ድረስ ውጭ መክረም እንዳለባት አስባበታለች። የት ትሄጃለሽ ስላት «እናትሽ ጋ» አለች። እኔ ጋ ነይ፣ ጎረቤት ጋ እደሪ፣ የፈለግሽው ቦታ አለ ብላት ራሷን ነቀነቀች።

«ከኔ ሌላ አፍንጫ ያላት እሷ ናት። ስመለስ አብራኝ ደፉ ላይ እንድትቆም ነው የምፈልገው። ሌላው ሁሉ ያዝንልኛል፣ እሷ አታዝንልኝም።»

ለጋሼ የነገረችው ማታውኑ ነው። አጉሊ መነጽሩን አወለቀ አለችኝ። ጋሼ አጉሊ መነጽሩን ካወለቀ ነገሩ ከብዶታል ማለት ነው። ሆኖም ሂጂ አላት። ምግብ እኔ እንዳመላልስለት ተስማማን፤ እሷም ደንበኞቿን ለሳምንቱ አስፈቅዳ፣ ያለውን ሁሉ እንዳለ ትታ፣ አንድ ጥቅል ልብስ ይዛ እማዬ በር ላይ ቆመች።

እዚያ ላይ የሆነውን አልረሳውም። ደፉ ላይ እንደቆመች ዓይኗ በልማድ ሊጨፈን ሲል ራሷን ያዘች። ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ፣ ጉንጯ እንደተነፋ፣ ተንደርድራ ሳሎኑ መሃል ደረሰች። እማዬ አይታታለች። ከንፈሯ ዳር ላይ አንድ ነገር ሽው ሲል አየሁ። አልጋ አነጠፈችላት። መነጋገሩ ግን በኔ በኩል ሆነ። ሁለቱም እዚያው ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ እማዬ ወደ እኔ ዞራ ያቺ ሴትዮ ብርድ ልብሱ ይበቃት እንደሆነ ጠይቂያት ትላለች። ይበቃታል ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። አክስቴ እናትሽን አመስግኚልኝ ትላለች። እኔም አመሰግናለሁ። ሰው አየኝ አላየኝ እያልኩ በራሴ መሳቅ ጀመርኩ።

የአክስቴ ልጅ መምጫ ሲቃረብ አንድ ጠዋት እማዬ ሻይ እየቀዳች፣ ያ ሰውዬ ሳሉ እንዴት ሆነ በያት አለችኝ። አፌን ልከፍት ስል አክስቴ ቀደመችኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜም በቀጥታ ወደ እማዬ ተናገረች።

«ይዘውት ሊሄዱብኝ ነው» አለች።

እማዬ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች። ከዚያ ወደ መስኮቱ እያየች ነገ አብሬያት እሄዳለሁ በያት አለችኝ። ደስ ብሎኝ ልጮህ ምንም አልቀረኝ፤ ግን ኩርፊያውን ጨርሶ እንዳልተወችው ስለገባኝ ዝም ብዬ በያት የተባልኩትን አልኩ።

በማግስቱ እዚያ ስንደርስ ወሬው ቀድሞን ነበር። እትዬ አፍንጫ የራሷን ቤት ልታሸት ነው ተብሎ ጎረቤቱ ሁሉ ልብስ የሚያሰጣ፣ ልጅ የሚፈልግ እየመሰለ ደጅ ደጅ ላይ ወጥቷል። ልቤ ፈራ። እማዬ ቂም ያዥ ናት፤ እናቴ ስለሆነች አልዋሽላትም። ለሰው ፊት ውርደት፣ ሰው ፊት መልስ የሚሰጥበት ቀን ቢቆርጡ ከዚህ የተመቸ አይገኝም።

አክስቴ በሩን ከፈተች። ሁለቱ እኅትማማቾች ጎን ለጎን ደፉ ላይ ቆሙ። ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ እኩል ሳቡ። መልካቸው እንደዚያ ሲመሳሰል አይቼ አላውቅም ነበር።

የአክስቴ ፊት ሲለወጥ አየሁት። ኩም አለች። በሰው ቤት ደጃፍ አንድም ቀን ዝም ብላ የማታውቅ ሴት አፏ አልከፈት አላት። እማዬ ዓይኗን ገለጠች፣ ወደ ጎረቤቶቹ አንድ ጊዜ ዞር ብላ አየች፣ ከዚያ ጎንበስ ብላ በአክስቴ ጆሮ አንዲት ነገር ተናገረች። ቀና ስትል ደግሞ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ እንዴት ያለ ንጹህ ቤት ነው፣ እናንተ ሥራ የላችሁም ወይ ብላ ሰዉን በተነችው። በጆሮዋ ምን እንዳለቻት አክስቴ ኋላ ነግራኛለች።

«ትንሿ፣ ከምድጃው በላይ ነው። ነይ፣ እኔና አንቺ እናወጣዋለን።»

ወደ ኋለኛው ክፍል ገባን። ጋሼ ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ ሲያየን ተነሳ። ከምድጃው በላይ፣ ከጠረጴዛው አናት ላይ፣ ከግድግዳ ግድግዳ በተዘረጋ ሽቦ ላይ የጨው ከረጢቶቹ እንደ ሽንኩርት ጉንጉን ተደርድረው ተሰቅለዋል። በመካከላቸው የጽዳት ጨርቆቿ አሉ። በበጋ ቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ነበር የምታደርቃቸው፤ ዝናቡ አልቆም ሲል ምድጃው ካለ ምን ቸገረኝ ብላ ወደ ውስጥ አስገባቻቸው። ከረጢቱ ይሞቃል፣ ውሃውን ይለቃል፣ ውሃው በእንፋሎት ወደ ላይ ይወጣል። መስኮቱ ደግሞ ለብሎኖቹ ሲባል ዝግ ነው። አክስቴ ወንበር ላይ ወጥታ ኮርኒሱን በጣቷ ጫን አለችው። ጣቷ እንደ እርጥብ ዳቦ በስቶት ገባ። ቁራጩን ቀድዳ ስታወርደው የላይኛው ፊቱ ጥቁር ሆኖ ነበር። ከታች የተቀባው ነጭ ቀለም ሸፍኖባት ኖሯል እንጂ፣ ግድግዳና ወለል ስትፈትሽ አናቷ ላይ ነበር።

ቁራጩን እንደያዘች ወንበሩ ላይ ቀረች።

«የከተማውን ውሃ ሁሉ ለቅሜ አምጥቼ እሱ አናት ላይ ሰቀልኩት» አለች። «አየሽ እታለም?»

እማዬ አየሁ አለቻት፣ ክንዷንም ይዛ አወረደቻት። ያች እታለም ከስንት ጊዜ በኋላ እንደተባለች ልብ ያልኩት እኔ ብቻ አይመስለኝም።

አክስቴ ወደ ጋሼ ዞረች። ከረጢቶቹን በጣቷ እያሳየች አንተስ፣ ቀኑን ሙሉ እዚህ ስትውል አንድም ቀን አልሸተተህም ወይ አለችው። መቆጣት ፈልጋ ነበር፣ ድምፅዋ ግን ለቁጣ አልበቃም። ጋሼ አጉሊ መነጽሩን አወለቀ። ትንሽ አሳለው፣ ከዚያ እንደ ጥፋተኛ ልጅ ጣቶቹን እያየ መለሰላት።

«ቀን ላይ አይሸተኝም። ማታ ከረጢቶቹን ይዘሽ በሩን ስትከፍቺ ነው የሚመጣው። ያንቺ ሽታ መስሎኝ ነው።»

አክስቴ ሻርፗን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ የጋሼ ወንበር ላይ ተቀመጠች። እማዬ ወደ ምድጃው ዞራ የማይፈላ ውሃ ማማሰል ጀመረች። እኔ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ፣ አላፍርበትም።

ያን ቀን ሳይመሽ ኮርኒሱን በሙሉ አፈረስነው። እማዬና አክስቴ እጅጌያቸውን ሰብስበው እንጨቱን በኮምጣጤ ሲፈትጉ፣ አንዷ አልጠራም ስትል ሌላዋ ጠርቷል እያለች ሲነታረኩ ዋሉ። ከረጢቶቹንና ጨርቆቹን ተሸክሜ ወደ ሱቄ ጓሮ ወሰድኳቸው። ዳቦ ጋጋሪውን ሳስፈቅደው ግድግዳው እንደሆነ ሲሞቅ ነው የሚውለው፣ የፈለግሽውን ስቀይ አለኝ። ሽቦ ዘረጋሁ። እዚያ ከቆርቆሮው ስር ነፋሱ እንደ ልቡ ያልፋል፣ ማንም ሰው ተቀምጦ አይውልበትም፤ ከረጢቶቹ በማግስቱ ቀልለው፣ ጨዋቸው እየተንኮሻኮሸ አገኘኋቸው።

የጋሼን መስኮት ለማስከፈት ግን ሌላ ጦርነት ነበር። መፍትሔውን ያመጣችው እማዬ ናት፤ ነፋስ ሲገባ ብሎኖቹን በተገለበጠ ብርጭቆ ስር አስቀምጣቸው አለችው። አሁን ጠረጴዛውን ብታዩት በብርጭቆ ተሞልቷል፣ በየብርጭቆው ስር አንድ ሰዓት ተበትኖ ተቀምጧል።

ልጃቸው የአባቷን ሻንጣ ልታዘጋጅ መጥታ ኮርኒስ የሌለው ክፍል ውስጥ ገባች። መጀመሪያ ተቆጣች፣ ከዚያ ነገሩን ሰማች፣ ከዚያ ዕረፍቷን ሁሉ እዚያው ጨረሰች። ሳሉ በአንድ ቀን የሚለቅ አልነበረም። ሐኪሟ በየጊዜው አዳመጠችው፤ ቀስ በቀስ ለውጥ እንዳለ ስታይ እንግዲህ አሁን የሚስበው አየር የተሻለ ሳይሆን አይቀርም፣ እስቲ እዚሁ እንየው አለች። አክስቴም ፍርጥ አድርጋ የሆነውን ሁሉ ነገረቻት፤ አሁን የሐኪሟን ቤት የምታጸዳው እሷ ናት። ልጃቸው ወደ ሥራዋ የተመለሰችው ለአባቷ የቆረጠችለት የአውቶብስ ወንበር አጠገቧ ባዶ እንደሆነ ነው። ጋሼ በዚያው ሳምንት አንዲት የሴት ሰዓት ገጥሞ ጨረሰ፣ አንድ ብሎን ብቻ ነው የበረረችበት።

እማዬ አሁን በየሳምንቱ ትመጣለች። ደፉ ላይ ትቆማለች፣ ትስባለች፣ ከዚያ ወይ ምንም የለም ትላለች ወይ ሽንኩርት አሳርረሻል ትላለች። አክስቴ ትሰማታለች። እማዬ ቤት ሲኬድም አክስቴ ደፉ ላይ ቆማ ትስባለች፤ የምትናገረው ግን ጓዳ ገብተው፣ በጆሮዋ ነው።

ከረጢቶቹ ከእቶኑ ግድግዳ ላይ የሚወርዱት ዳቦ ዳቦ እየሸተቱ ነው። አክስቴ በየማታው በሱቄ በኩል አልፋ የደረቁትን በዘንቢል ይዛ ወደ ቤቷ ስትገባ እሷም ዳቦ ዳቦ ትሸታለች። በመጀመሪያው ሰሞን ጋሼ ማን ነሽ ይላት ነበር። ትለምደዋለህ አለችው። እስከ ዛሬ አልለመድኩትም ይላል። በሩ ሲንኳኳ ብርጭቆዎቹን ደፍቶ ይነሳል፣ ይከፍትላታል፣ ደፉ ላይ ያቆማትና ዓይኑን ጨፍኖ አንድ ጊዜ ረጅም ትንፋሽ ይስባል። አያስለውም።